ቀበቶው ከሰማይ አልወረደም

ባለፈው ጥቅምት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት ጃኬቱን ሲያወልቅ ዓይኔ ወገቡ ላይ አረፈ። ድርብ ቆዳ፣ ዳር ዳሩ በሰም ክር የተሰፋ፣ ዘለበቱ ነሐስ። «ከየት አገኘኸው?» አልኩት። «ፋዘር፣ ይሄማ እዚህ ያለ የሐበሻ ሴኩሪቲ ሁሉ የሚታጠቀው ነው፤ ድሮም የነበረ ነው» አለኝ።

ድሮም የነበረ! ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ ቡናውን አስቀምጬ እነሳ ነበር። ድሮ የነበረው የኔ የወገብ ሕመም ነው። ያንን ቀበቶ በዚህ ከተማ ያስጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ የሚል ካለ ከዚህ በታች መልሱን ያገኛል።

ታሪክ በወጉ የሚጽፉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ስለወጣው የስደተኞች ሕግ፣ ቆይቶ ስለመጣው ዲቪ፣ ሐበሻው ከአዳምስ ሞርጋን 18ኛ ጎዳና ወደ ዩ ስትሪት፣ ከዚያም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ስለመስፋፋቱ ይነግሯችኋል። እውነታቸውን ነው። የኔ ታሪክ ግን የሚጀምረው ከወገቤ ነው።

በ1988 በሱዳን በኩል መጥቼ ዋሽንግተን መሀል ከተማ የአንድ ቢሮ ሕንፃ የሌሊት ጥበቃ ሆንኩ። ወገቤ ላይ ጡብ የሚያህል ራዲዮ፣ አራት ትልልቅ ድንጋይ የሚጎርስ ባትሪና የአርባ በር ቁልፍ ይንጠለጠላል። ቀጣሪያችን የሰጠን ቀበቶ ቆዳ ይባል እንጂ የቆዳ ፍርፋሪ በሙጫ የተጋገረ ነበር። በሦስት ወሩ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ከመላጡም በፊት ክብደቱ ሲይዘው ይጠቀለልና ራዲዮው ሱሪዬን ይዞት ይወርዳል። አንድ እጄ ሱሪ ይዞ፣ አንድ እጄ ባትሪ ይዞ አሥራ አንድ ፎቅ ስወጣ አባቴ ትዝ ይሉኝ ነበር። ሙሉ ዝናር ጥይት ታጥቀው ዳገት ሲወጡ አንድ ቀን እንኳ ሱሪያቸውን ሲይዙ አላየሁም።

መርካቶ ጫማ ተራ በልጅነቴ ማስቲሽ ቀቢ ስለነበርኩ የቆዳ ሽታ አውቃለሁ። የማላውቀው ቆዳው ከየት እንደሚገኝ ነበር። ያኔ እንደ ዛሬ በስልክ አዝዞ ደጅ ላይ መቀበል የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ የወዳጄን የሻምበልን አሮጌ ቶዮታ እየገፋን ጭምር ፈረሰኞች ወዳሉበት ወደ ሚድልበርግ እንሄዳለን። እዚያ አሮጌ የኮርቻና የልጓም ጠፍር በርካሽ ይገኛል። በቅርፊት የተለፋ፣ ዘይት የጠጣ፣ ደህና ቆዳ። ሻጮቹ ፈረስ ያለን ይመስላቸው ነበር፤ እኛም አለን እንላለን።

ሥራው በወሬ ቀላል ነው። ከከብቱ ጀርባ የወጣ ቆዳ ትመርጣለህ፤ የሆዱ ይሳባልና አይሆንም። እያንዳንዱ 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያላቸው፣ ስፋታቸው አንድ ኢንች ተኩል የሆነ ሁለት ጠፍሮች ጀርባ ለጀርባ በማስቲሽ ታጣብቃለህ። ዘርግተህ ካጣበቅከው ግን ሲታጠፍ የውስጡ ይጨማደዳል። ስለዚህ እኛ የቀለም ባልዲ ላይ እየጠመጠምን ነበር የምናጣብቀው፤ ቀበቶው ገና ሳይሰፋ ወገብ ይለምዳል። ልክ ሲወሰድም የሱሪ ቁጥር አይጠየቅም፤ ሰው ስለ ሱሪው ይዋሻል። ሰውየው ከሚታጠቀው አሮጌ ቀበቶ ላይ፣ ዘለበቱ ከታጠፈበት ጀምሮ እስከለመደው ቀዳዳ ትለካለህ። አምስት ቀዳዳ በአንድ አንድ ኢንች ርቀት፤ የመሀለኛው የሱ ነው፤ ሁለቱ ለጾም፣ ሁለቱ ለፋሲካ።

መጀመሪያ የሠራነው ግን ጉድ አደረገን። በሁለቱ ጠፍሮች መሀል እንዳይጠቀለል ብለን ከዕቃ መጫኛው በር ያነሳነውን የካርቶን ማሰሪያ ብረት ከተትንበት። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጨፈርን። በሐምሌ ሙቀት ላብ ገባበትና ብረቱና የቅርፊቱ ልፋት ተገናኝተው ቀለም ሆኑ። የመጀመሪያው ደንበኛችን ነጭ የደንብ ልብስ ወገቡ ዙሪያ ጠቆረ። ሃያ አምስት ዶላሩን መለስን፣ የሸሚዙንም ከፈልን። ከዚያ ወዲህ ብረቱን በፕላስቲክ ተካነው። ዛሬ ይህን ቀበቶ የሚሠሩት ልጆች እንደ ራሳቸው ግኝት የሚያወሩለት ፕላስቲክ የወጣው ከዚያ ጥቁር ሸሚዝ ነው።

ጠቡ እዚህ ይጀምራል። ሻምበል ሐሳቡ የኔ ነው ይላል፤ የጦር ትጥቅ አውቃለሁና ነው ምክንያቱ። መኪናው የሱ መሆኑን አልክድም። እትዬ ደግሞ (በኋላ ሱቅ የከፈቱት) «ከናንተ በፊት በሲንጀሬ ሰፍቻለሁ» ይላሉ። የሰፉት ናይለን ነበር። የመኪና ስፌት የላይኛውና የታችኛው ክር መሀል ላይ ተያይዘው የቆሙ ናቸው፤ አንዱ በበር እጀታ ተፍቆ ከተበጠሰ ይተረተራል። የእጁ ስፌት አንድ ክር፣ ሁለት መርፌ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከግራም ከቀኝም የሚያልፍ ነው። አንዱ ቢቆረጥ ሌላው ይይዛል። ይህን ለእትዬ ባስረዳሁ ቁጥር ወጥ ጨምረውልኝ ሌላ ጨዋታ ያነሳሉ።

አንድ የሚቆጨኝ አለ። በአፍሪካ እንደኛ ከብት የበዛለት አገር የለም፤ የበግ ሌጧችንም ለጓንት በዓለም የታወቀ ነው። ለዚህ ቀበቶ የሚሆን ወፍራም፣ የእሳት ምልክት፣ የመዥገርና የእሾህ ጠባሳ ያልበዛበት የበሬ ቆዳ ግን የምንገዛው ከፔንሲልቬንያ ነው፤ በ1867 ቶሮንቶ ላይ ተቋቁሞ ኋላ ወደዚያ ከተዛወረው የቆዳ ፋብሪካ፣ ከዊኬት ኤንድ ክሬይግ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው። አንድ ጊዜ ከአገር ቤት ሁለት ቆዳ በሻንጣ አስመጥቼ ነበር፤ ቀጭን ስለነበር የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ማቀፊያ አደረግሁት።

አሁን ስለ ጋሼ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ልጆች አሏቸው። ከገዳሪፍ አብረውን የመጡ፣ ከኛ በአሥር ዓመት የሚበልጡ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። እኔ ወስፌውን ቀጥ አድርጌ ስወጋ ያዩኝና «አዘንብለህ ውጋው፤ ቀጥ ካልክ ቀዳዳው አፉን ይከፍታል» ይሉኛል። የት ተማሩት ብዬ አልጠየቅሁም። የነገረኝ ሻምበል ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መኪና ውስጥ ሁለታችን ብቻ እያለን፤ «ዘራቸው እኮ ፋቂ ነው።» አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በእጅ ሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ እኛ ዘንድ አልደረሰም መሰለኝ። ጋሼ እያልን፣ አንቱ እያልን፣ ስፌቱን ከእጃቸው እየቀዳን፣ በ1991 ጽዋ ማኅበር ስናቋቁም አልጠራናቸውም። ማንም አይጠሩ አላለም። ዝርዝሩ ሲጻፍ ስማቸው ሳይነሳ ቀረ፤ እኔ ነበርኩ ጸሐፊው። በ2003 ወደ ሚኒሶታ ሄዱ። ወስፌያቸውን ትተውልኝ ነው የሄዱት።

ዛሬ ልጆቹ አንዱን በመቶ ሃያ ዶላር ይሸጣሉ፤ ጥሩ ይሠራሉ፤ ጠርዙን በሰም አሽተው መስታወት ያስመስሉታል። አልቀናሁም። የፈለግሁት ከየት እንደመጣ እንዲያውቁ ብቻ ነው።

ስለዚህ ያንን የለቅሶ ቤቱን ወጣት እሁድ ቤቴ ጠራሁትና ለራሴ የሠራሁትን የመጀመሪያውን ቀበቶ ከቁም ሳጥን አወጣሁለት። አገላብጦ አየው። አውራ ጣቱን ከዘለበቱ ጀምሮ በስፌቱ ላይ እየሳበ ሄደ፤ እኩል፣ ጋደል ያለ፣ ጥብቅ። ስድስት ኢንች ያህል ሄዶ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያለው ይወላገዳል።

«ፋዘር» አለኝ፣ «እዚህ ጋ እጅ ተቀይሯል።»

ቡናው ሊገነፍል ነው ብዬ ተነሳሁ።