የስኳር በሽታ የዓይን ጉዳትና የደም ስብ

የስኳር በሽታ የዓይን ጉዳት (ዲያቤቲክ ሬቲኖፓቲ) በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለረጅም ጊዜ ከመጠን በላይ ሲሆን የሬቲናን ጥቃቅን የደም ሥሮች የሚያበላሽ ሕመም ነው። ሬቲና በዓይን ኳስ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚገኝ፣ ብርሃንን ተቀብሎ ምልክቱን ወደ አንጎል የሚልክ ስስ ሽፋን ነው። የጉዳቱ ዋና ዋና መንስኤዎች ከበሽታው ጋር የቆዩባቸው ዓመታት ብዛት፣ የስኳር መጠን መጨመርና የደም ግፊት ናቸው። የደም ስብ መዛባትም በተለይ በማኩላ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት አስተዋጽኦ አለው።

የደም ስብ ዓይነቶች

ስብ በውኃ ስለማይሟሟ በደም ውስጥ የሚጓዘው ከፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ነው። ቪኤልዲኤል የሚባለው ጥምር በጉበት የተሠራውን ትራይግሊሰራይድ ወደ ሰውነት ክፍሎች ያደርሳል። ኤልዲኤል ኮሌስትሮልን ሲያጓጉዝ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ሊከማች ስለሚችል በተለምዶ «መጥፎው ኮሌስትሮል» ይባላል። ኤችዲኤል ደግሞ ትርፍ ኮሌስትሮልን ወደ ጉበት ስለሚመልስ «ጥሩው ኮሌስትሮል» ተብሎ ይታወቃል።

በስኳር ሕመምተኞች ላይ የሚታየው ለውጥ

በዓይነት 2 የስኳር በሽታ ሦስት ለውጦች አብረው ይታያሉ፦

* ትራይግሊሰራይድ ይጨምራል፤
* ኤችዲኤል ይቀንሳል፤
* የኤልዲኤል ቅንጣቶች ትንንሽና እምቅ ይሆናሉ። በዚህ ጊዜ የኤልዲኤል ጠቅላላ መጠን ብዙም ሳይለወጥ ሊቀር ይችላል።

የለውጡ መነሻ ሰውነት ለኢንሱሊን በበቂ አለመታዘዙ ነው። ኢንሱሊን በጤናማ ሰው ላይ የተከማቸ ስብ እንዳይለቀቅ ይገታል። ይህ ሥራው ሲዳከም ከስብ ክምችት የሚወጣው አሲድ ወደ ጉበት ይጎርፋል፤ ጉበትም ከዚያ ብዙ ቪኤልዲኤል ይሠራል። በተጨማሪም ትራይግሊሰራይድን ከደም የሚያጠራው ኢንዛይም ሥራው ይቀንሳል። በዓይነት 1 ሕመምተኞች ላይ ግን ስኳሩ በኢንሱሊን በሚገባ ከተቆጣጠሩት የደም ስቡ መጠን ብዙ ጊዜ ጤናማ ነው።

በዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በመጀመሪያ የጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳ ይዳከምና ትንንሽ እብጠቶች ይፈጠራሉ፤ ከእነሱም ደምና ፈሳሽ ያፈሳሉ። ከሚፈሰው ውስጥ የስብ ጥምሮች ይገኙበታል። ፈሳሹ ተመጥጦ ሲሄድ ስቡ ይቀርና በሬቲና ላይ ቢጫ፣ ድንበራቸው የለየ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ለማንበብና ፊት ለመለየት በሚያገለግለው በማኩላ መካከል ከተከማቹ የማየት ችሎታን በዘላቂነት ሊቀንሱ ይችላሉ።

በሽታው ሲገፋ ደም ያልደረሳቸው የሬቲና ክፍሎች አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ያደርጋሉ። እነዚህ ሥሮች ደካሞች በመሆናቸው በቀላሉ ይደማሉ፤ ጠባሳቸውም ሬቲናውን ስቦ ከቦታው ሊያላቅቀው ይችላል።

ከዚህ የተለየ፣ አልፎ አልፎ የሚታይ ሁኔታም አለ። ትራይግሊሰራይድ እጅግ ከፍ ሲል የሬቲና የደም ሥሮች ወተት የመሰለ መልክ ይይዛሉ። መጠኑ ሲወርድ መልካቸው ይመለሳል።

ጥናቶች

ፌኖፋይብሬት ትራይግሊሰራይድን የሚቀንስ መድኃኒት ነው። ፊልድ በተባለው፣ ዓይነት 2 ባለባቸው 9,795 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል የሌዘር ሕክምና ያስፈለጋቸው 3.4 በመቶ ሲሆኑ ካልወሰዱት ግን 4.9 በመቶ ነበሩ። የዓይኑ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የአኮርድ ጥናት ደግሞ ፌኖፋይብሬት ከስታቲን ጋር ሲሰጥ ሕመሙ የባሰባቸው 6.5 በመቶ፣ ስታቲን ብቻ ሲሰጥ 10.2 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በስኮትላንድ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናትም ተመሳሳይ ጥቅም አግኝቷል።

በፊልድ ጥናት የታየው ጥቅም ከደም ስቡ መቀነስ ጋር በቀጥታ አልተያያዘም። ስለዚህ መድኃኒቱ በሬቲና ላይ ሌላ ሥራም እንዳለው ይታሰባል።

ምርመራና ሕክምና

ሕመሙ በመጀመሪያ ደረጃው ሥቃይም ሆነ የእይታ ለውጥ ላያሳይ ይችላል። ብዥታ ወይም ተንሳፋፊ ጥቁር ነጠብጣብ በሚታይበት ጊዜ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ ሥር ሰዷል። በዚህም ምክንያት ዓይነት 2 ያለባቸው ሰዎች በሽታው እንደታወቀ፣ ዓይነት 1 ያለባቸው ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ የሬቲና ምርመራ እንዲያደርጉና ከዚያ በኋላ በየጊዜው፣ አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ፣ እንዲታዩ ይመከራል። የስኳር በሽታ ያለባት ነፍሰ ጡር ከዚህ የቀረበ ክትትል ያስፈልጋታል።

መከላከያው ስኳርን፣ የደም ግፊትንና የደም ስብን አብሮ መቆጣጠር ነው። ስታቲን በዋናነት የሚታዘዘው ልብንና አንጎልን ከደም ሥር መዘጋት ለመጠበቅ ነው። ለተባባሰ የዓይን ጉዳት የሌዘር ሕክምና፣ ወደ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌና ቀዶ ሕክምና አሉ። ሕክምናው ጉዳቱ እንዳይቀጥል ሊገታ ቢችልም የሞተውን የሬቲና ክፍል አይመልስም።