አባይ በረሃ ላይ የሚጠፋው ድምፅ

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁለቱ ሲጀምር አባቴ ቴፑን ይዘጋ ነበር። ዘፋኙ ማንም ይሁን፣ ዘፈኑ የትም ይድረስ፣ እጁን ከማርሹ አንሥቶ ቁልፏን ጠቅ ያደርጋትና ጋቢናው ውስጥ የሞተሩ ጉርምርምታ ብቻ ይቀራል። «ከዚህ በኋላ የሚሰማው ፍሬኑ ነው» ይላል። ረዳቱም እኔም ትንፍሽ አንልም። ፊያት ኤንትሬው ጨውና ቆርቆሮ ተሸክሞ በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ወደ አባይ ይወርዳል፤ 1,400 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ነው። የፍሬን ሸራ ሲግል የሚሸተውን ሽታ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አባቴ ግን ከሽታው በፊት በጆሮው ይደርስበት ነበር። ድልድዩን ተሻግረን፣ ዳገቱን ጨርሰን፣ የደጀን ነፋስ ፊታችንን ሲመታን ያችኑ ቁልፍ መልሶ ይጫናታል። ዘፈኑ ካቆመበት ይቀጥላል። ካሴት ሰው ይጠብቃል። ሬዲዮ አይጠብቅም።

እኔ መሪ አልያዝኩም። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ስለዚህ መንገድ የተጻፈውን ሳነብ ጣሊያን ስለ ቆረጠው ገደል፣ ስለ ድልድዩ፣ ስላለቀው ሰው ብዙ አገኛለሁ። ከአዲስ አበባ ማርቆስ ያለው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲታለፍ ሰው ምን ይሰማ እንደ ነበር ግን ማንም አልጻፈውም። ያ ታሪክ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለፈው፤ ተፈትቶ፣ ተወልውሎ፣ ተበይዶ።

መጀመሪያ የጭነት መኪና ሬዲዮ አልነበረውም። ይዞት የሚገባው ረዳቱ ነው፤ ትራንዚስተር ሬዲዮ ከነቆዳ ልባሱ፣ አንቴናው በመስኮት ወጥቶ፣ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ አቃቂ ላይ ሥራ የጀመረው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ ወደ ጎጃም ደጋ የሚደርሰው ግን ለብዙ ዘመን በአጭርና በመካከለኛ ሞገድ ነበር። አጭር ሞገድ ወደ ላይ ተወርውሮ ከሰማይ ተመልሶ ስለሚወርድ ተራራ አያቆመውም፤ ጮቄ ሥር ያለ ገበሬም፣ ሉማሜ ላይ ጎማ የሚቀይር ሹፌርም ይሰማዋል። ድምፁ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ይመጣል። ብሥራተ ወንጌል የተባለው የሬዲዮ ጣቢያም ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት እስከ ወረሰው እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ በዚሁ መንገድ ይሰማ ነበር።

ያ ሁሉ ድምፅ ግን አባይ በረሃ ሲደርስ ይሳሳል፤ ይሳሳና ሹሹታ ብቻ ይቀራል። ይህ ነገር ከምንም በላይ ያስቆጨን የነበረው ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ በሚተርክበት ዘመን ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የዚሁ የኛው አገር ልጅ ናቸው፣ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ የወጡ። ለአዲስ አበባ ሰው ጥሩ ትረካ ነበር። ለእኛ ግን በዛብህም ሰብለ ወንጌልም ጉዱ ካሣም የጎረቤት ሰዎች ነበሩ፤ አነጋገራቸው የእናቶቻችን አነጋገር ነው። ሹፌሮች ትረካው ሳይጠናቀቅ በረሃውን ላለመጀመር ጎሐ ጽዮን ሻይ ቤት በር ላይ መኪና ሲያቆሙ አይቻለሁ። የአደራ ጭነት የያዘ ሰው፣ ደጀን ሳይመሽበት መግባት ያለበት ሰው፣ ሞተር አጥፍቶ ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ይሰማል። ስንት ጋቢና፣ ስንት ሱቅ፣ ስንት ማድቤት በዚያች ሰዓት አንድ ሰው ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው መሣሪያ ሁሉ ይህን መልሶ አልሰጠንም።

ካሴት ሲመጣ ግን የሹፌሩ ነገር ተለወጠ። ፊሊፕስ ይህችን የእጅ መዳፍ የምታህል ዕቃ ያወጣት በ1963 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ ዘንድ በደርግ ዘመን ሸክላን ከገበያ አስወጣች። ሸክላ መኪና ውስጥ አይታሰብም፣ መንገዱ ያዘልለዋል። ካሴት ግን ፒስታም ላይ ቢሆን ይዘፍናል።

እዚህ ላይ የሙያዬን ነገር ልናገር። የመኪና ቴፕ የተሠራው ለ12 ቮልት ነው፣ ለቤት መኪና። ኤንትሬውም ሌላው ከባድ መኪናም 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባትሪ ተከታትለው ታስረውበታል። ሹፌሩ ታዲያ ቴፑን ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ ያስጠልፈዋል። ይዘፍናል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ጥቂት ወር ሲቆይ የተጠለፈበት ባትሪ ሁልጊዜ ጎዶሎ፣ ያኛው ደግሞ ከልክ በላይ እየተሞላ የሚፈላ ይሆናል፤ አንድ ቀን ንጋት ላይ ደምበጫ ወይም ቡሬ መኪናው አልነሣም ብሎ ይቀራል። ሹፌሩ ባትሪ የሸጠለትን ነጋዴ ይረግማል። ጥፋቱ የዘፈኑ ነበር። ሥራ ስጀምር ብዙ ቀን የፈጀብኝ 24ቱን ወደ 12 የሚያወርድ ትንሽ ሰሌዳ እየበየዱ ለሹፌሮች መግጠም ነው፤ ከባትሪ ያነሰ ዋጋ ነው ብሎ ሰውን ማሳመን ከብየዳው ይከብድ ነበር።

ሌላው ጠላት አቧራ ነው። የካሴቱ ክር 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በየሰከንዱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ድምፁን በሚያነበው ሄድ ፊት እየታከከ ያልፋል። የደጀንና የብቸና አፈር ደቃቅ ነው፤ ክሩ ላይ ያርፍና ሄዱን ቡናማ ያለብሰዋል፣ ዘፋኙም በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። አልኮል ከፋርማሲ ባልተገኘ ጊዜ ሄድ የምጠርገው በዳግም አረቄ ነበር፤ ክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልዬ፣ በቀስታ፣ ከላይ ወደ ታች። አረቄው ውኃ ያለበት ከሆነ ሥራው ይበላሻል፤ ስለዚህ ማን እንዳወጣችው ሳልጠይቅ አልገዛም። የበረሃው ሙቀትም አለ። ዳሽቦርድ ላይ የተረሳ ካሴት አባይ ሲደርስ ይጣመማል፣ ክሩ ይለጠጣል፣ ከዚያ ወዲያ ቀጭኗ ዘፋኝ እንደ ጎረምሳ ትጎረናለች።

አዲስ ካሴት ማርቆስ የሚገባው በሹፌር ኪስ ነበር። አዲስ አበባ ፒያሳ ዛሬ የወጣ፣ ነገ ማታ መናኸሪያው በር ላይ ይጮሃል። ይሁኔ በላይ የጎጃምን ዜማ ይዞ በተነሣበት ዘመን፣ የኛ ዘፈን አዲስ አበባ ተቀርጾ፣ በሹፌር ተጭኖ፣ ለእኛው ይመለስ ነበር። ወደ ካሴት መሸጫ ቤት የሚገባው ቀጥሎ ነው፤ ሰው አስቀድሞ አውቶቡስ ውስጥ ሰምቶ፣ ከሹፌሩ ስሙን ጠይቆ፣ ከዚያ ሊገዛ ይሄዳል። ሹፌር የወደደው ዘፈን አገሩን ሁሉ ይዳረሳል፣ ሹፌር የጠላው ዘፈን ገደሉን አይሻገርም። በፍልሰታና በዐቢይ ጾም ደግሞ ዘፈኑ ይወርድና መዝሙር ይገባል፤ ማንም ሳያዝዘው። ደብዳቤም በካሴት ይሄድ ነበር። ማንበብ የማይችሉ እናት ባዶ ካሴት ገዝተው እኔ ሱቅ ይመጣሉ፣ በሩን እዘጋላቸዋለሁ፣ ለልጃቸው ያወራሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይመርቃሉ። አንድ ሹፌር ተቀብሎ አዲስ አበባ ያደርሳል፤ ከዚያ ደግሞ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ይፈለጋል። ሬዲዮ ለአገር ይናገራል፤ ለአንድ ልጅ የሚናገር ካሴት ነበር።

እንዲህ ባለንበት ጊዜ ነው ሰማይ የሞከረን። ኖኅ ሳማራ አዲስ አበባ የተወለደ ሰው ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ወርልድስፔስ የተባለ ኩባንያ መሠረተ፤ ኤድስ አፍሪካን ሲጨርስ ሕዝቡ መረጃ እንኳ የሚያገኝበት መንገድ የለውም ብሎ ነው የተነሣው። በጥቅምት 1991 ዓ.ም. አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይት ኩሩ ከተባለው ማስወንጨፊያ ተተኮሰች፤ ሬዲዮን ከሰማይ በቀጥታ ለአድማጭ በማድረስ በዓለም ቀዳሚ ነበረች። አሜሪካኖች በመኪናቸው ይሰሙት የነበረው ኤክስኤም ሬዲዮም ሲቋቋም ወርልድስፔስ ባለ ድርሻ ነበር። የኩባንያው ቢሮ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነ፤ እዚያ የኛ ሰው ምግብ ቤትና ሱቅ የሞላበት ሰፈር። ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ የጎጃም ልጅ ኤክስኤምን በከፈተ ቁጥር የአንድ አዲስ አበቤ አሳብ ዳሽቦርዱ ላይ ነበር ማለት ነው።

አንድ ጊዜ የወርልድስፔስ መቀበያ እጄ ገብቷል። ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጣ እንግዳ ነበር ያመጣው፤ የኃይል መስጫው ተቃጥሎበት። ሂታቺ ነው፤ በጎኑ እንደ መጽሐፍ ልባስ የምትገለበጥ ጠፍጣፋ አንቴና አለችው። ጠግኜ ወደ ውጭ አወጣሁትና አንቴናዋን ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ላይ አቀናሁ። ሳተላይቷ የቆመችው ከምድር ወገብ በላይ ነው፣ 21 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ፤ ከማርቆስ ሲታይ ከአድማሱ ከ65 ዲግሪ በላይ ከፍ ብላ፣ ከአናት ብዙም ሳትርቅ። ድምፁ ሲገባ ዝም ብዬ ቆምኩ። ሹሹታ የለም። ከፍ ዝቅ የለም። በሕይወቴ እንደዚያ የጠራ ሬዲዮ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ወዲያው ያሰብኩት አባይን ነው። ኤፍኤም እንደ ዓይን ነው፣ ፊት ለፊት ካላየ አይደርስም፤ በ1992 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ኤፍኤም 97.1 ተራራውን ዞሮ ገደል አይገባም። ይህች ግን ከላይ ቁልቁል ነው የምታየው፤ የገደሉ ግድግዳ አይጋርዳትም። አባቴ ድልድዩ ላይ ቆሞ እንኳ ሊሰማት ይችል ነበር። ግን መቆም አለበት፤ አንቴናዋ ወደ ሰማይ እንዳነጣጠረች መቆየት አለባት፣ መኪና ደግሞ በየጥምዝምዙ ፊቱን ያዞራል። የመኪና አንቴና፣ በየከተማው የሚያግዝ ማማ፣ ፋብሪካ ውስጥ የሚገጠም መቀበያ፣ ይህ ሁሉ የመጣው ለአሜሪካኖች ነው። እዚያ የሳተላይት ሬዲዮ የሰነበተው አዲስ መኪና ከነመቀበያው ስለሚሸጥ ነው። እኛ ዘንድ መኪና ያገለገለ ሆኖ ይመጣል፣ ቴፑም ከመጣበት አገር እንደ መጣ። መቀበያው ውድ ነበር፤ ቆይቶም ክፍያ መጣበት። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ጃፓኖች የሠሩት 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ አባይ ላይ ተመረቀ፤ ወር እንዳለፈው፣ በጥቅምት 2001 ዓ.ም.፣ ወርልድስፔስ አሜሪካን አገር የኪሳራ አቤቱታ አቀረበ። ለእኔ የዚያ ሰሞን ሁለቱ ዜናዎች እነዚህ ናቸው። ያ የጠራ ድምፅ ለአንድም የጎጃም ሹፌር ሳይደርስ በመቅረቱ እስከ ዛሬ ልቤ ያዝናል።

ያሸነፈችው ጥፍር የምታህል ሜሞሪና ፍላሽ ናት። ወርልድስፔስ ድምፅን በትንሽ ቦታ ለማሸግ የተጠቀመበት ዘዴ፣ ፍላሽ ውስጥ ሺህ ዘፈን የሚያስገባው ኤምፒ3 ከሚሠራበት ዘዴ ጋር አንድ ነው። አንዱ ወደ ሰማይ ወጣ፣ አንዱ ኪስ ገባ። የቆየ ቴፕ ያለው መኪናም አልቀረም፤ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካ ትንሽ ማሰራጫ መጣች፣ ፍላሹን ታነብና በመኪናው በራሱ ኤፍኤም ላይ ትናገራለች። ለዚህ የሚያስፈልገው ማንም የማይናገርበት ባዶ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ላይ ባዶ ቦታ ጠፍቶ ትንጫጫለች። ጎጃም ደጋ ላይ፣ ይልቁንም በረሃው ውስጥ፣ መስመሩ ሁሉ ባዶ ነው፤ እንደ ልቧ ትዘፍናለች። ሬዲዮ ያልደረሰበት ገደል ለፍላሽ ሠርግ ቤት ሆነ።

እኔም ኮምፒውተር ገዝቼ በሩ ላይ «ሜሞሪ ይጫናል» ብዬ ጻፍኩ። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ ሹፌር ግን አምስት መቶ ዘፈን በአንድ ሻይ ዋጋ ጫንልኝ ሲለኝ የዘፋኙን ድርሻ የት አስቀምጣለሁ? ካሴት ሲገዛ ጥቂትም ቢሆን ይደርሰው ነበር። የማላውቃቸውን ዘፈኖች መጫን ከተውኩ ዓመታት አለፉ። አሁን የምጭነው ሰው የራሱን ካሴት ይዞልኝ ሲመጣ ብቻ ነው። የ90 ደቂቃ ካሴት 90 ደቂቃ ይፈጃል፣ ማቻኮል አይቻልም፤ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

ባለፈው ክረምት የአባቴን ሳጥን አወረድኩ። ከካሴቶቹ አንዱ ስም አልተጻፈበትም። ቀበቶ የቀየርኩለት ቴፕ ውስጥ አስገባሁት፤ ረዳቱ ጭኑ ላይ በያዘው ሬዲዮ ቴፕ ከአየር የቀዳው ነው። ወጋየሁ ይተርካል፤ ከሥሩ ኤንትሬው ያጉረመርማል፣ ማርሽ ሲቀየር ይሰማል። ከዚያ አባቴ «ጀመረ፣ በል ዝጋው» ይላል። ረዳቱ «ጋሼ፣ ትንሽ ብቻ» ይላል። አባቴ መልስ አልሰጠም። ድምፁ ይሳሳል፣ ይርቃል፣ አንዴ ብልጭ ይላል፣ ሹሹታው ይውጠዋል። ረዳቱ አልዘጋውም፤ ሹሹታውና ፍሬኑ አብረው ይሄዳሉ። ጆሮዬን አስጠግቼ የድልድዩን ድምፅ ጠበቅኩ። የካሴቱ ገጽ ያለቀው ድልድዩ ጋ ሳንደርስ ነው።