የኩላሊት ጠጠርን ለመከላከል ጥማትን መጠበቅ አያስፈልግም

የኩላሊት ጠጠር በሽንት ሟሙተው መወገድ የሚገባቸው ማዕድናት በፈሳሽ እጥረት ምክንያት ተጣብቀው የሚፈጥሩት ጠጣር ነገር ነው። አብዛኛው ጠጠር ከካልሲየም ኦክዛሌት የሚሠራ ሲሆን፣ ከዩሪክ አሲድ የሚፈጠርና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን ተከትሎ የሚመጣም አለ።

ለችግሩ ከሚያጋልጡት ዋነኛው በቂ ውሃ አለመጠጣት ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሸካ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው ማሻ የአየሩ ቅዝቃዜ የጥማት ስሜትን ስለሚቀንስ፣ በቢሮ የሚውል ሠራተኛ ውሃ ሳይቀምስ ሊመሽበት ይችላል። ለመስክ ሥራ ወደ ሞቃታማዋ ቴፒ ሲወርድ ደግሞ በላብ ብዙ ፈሳሽ ያጣል። በመንገድ ላይ መጸዳጃ ቤት አላገኝም በሚል ከመጠጣት የሚቆጠብም አለ። በዚህ ጊዜ ሽንት መጠኑ ያንሳል፤ ቀለሙም ይጠቁራል።

ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ ድንገተኛና ከባድ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ደም የቀላቀለ ሽንት የበሽታው ዋና ዋና ምልክቶች ናቸው። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ በሽንት ይወጣል። ሕመሙ ትኩሳት ካስከተለ ወይም ሽንት ከተቋረጠ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የሕመሙ መቆም ብቻውን ጠጠሩ ለመውጣቱ ማረጋገጫ አይሆንም። መተላለፊያውን የዘጋ ጠጠር ያለ ሕመም ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል በአልትራሳውንድ መታየት ይገባል።

ጠጠሩ የወጣለት ሰውም ካልተጠነቀቀ በሽታው ሊደገምበት ይችላል። ለመከላከል በቀን ከ2 ነጥብ 5 እስከ 3 ሊትር ፈሳሽ ከፋፍሎ መጠጣት ይመከራል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ይኖርበታል።

ጨው በሽንት የሚወጣውን ካልሲየም ስለሚያበዛ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው የቀኑ መጠን ከ5 ግራም በታች መሆን አለበት። ቡና ለጠጠር ያጋልጣል ተብሎ አይከለከልም፤ በቡናው የሚጨመረው ጨው ግን ከዕለቱ መጠን ጋር ይደመራል። ወተት መተውም አይመከርም፤ በምግብ የሚገኘው ካልሲየም ኦክዛሌትን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስወግዳልና።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ንጹሕ የመጠጥ ውሃና መጸዳጃ ቤት በማሟላት፣ በመስክ ጉዞም የዕረፍት ጊዜ በመመደብ ሠራተኞቻቸውን ከዚህ ሕመም መታደግ ይችላሉ።