የሞለኪውሎች ሥርዓትና የባሮ ሜዳ ሙቀት

የጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በበጋው መጨረሻ ወራት የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ፀሐይዋ ለኤሌክትሪክ ምንጭነት እንደምትበቃ አያጠራጥርም። ሙቀቷ ግን ከኦርጋኒክ ከፊል አስተላላፊዎች ለሚሠራው የፀሐይ ሴል ብርቱ ፈተና ነው። የፈተናው ምንነት በሚገባ የሚታየው የዘርፉ ታሪክ ሲመረመር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 ሺራካዋ፣ ማክዲያርሚድና ሂገር ፖሊአሴቲሊን የተባለው ፖሊመር አዮዲን ሲጨመርበት ኤሌክትሪክን በሚገባ እንደሚያስተላልፍ አሳዩ፤ በ2000ም የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ የቁሱ ዓይነት ብቻውን እንደማይበቃ እየዋለ እያደረ ታወቀ። ረዣዥሞቹ ሞለኪውሎች እንደ ተወሳሰበ ፈትል ሲጠላለፉ የኤሌክትሪክ ሙል ይሰናከላል፤ እንደ ድር ተስተካክለው ሲሰለፉ ግን መንገድ ይከፈትለታል። በ1999 የካምብሪጁ ሲሪንግሃውስና ባልደረቦቹ በፖሊታዮፊን ስስ ንጣፍ ላይ ባካሄዱት ጥናት፣ የሞለኪውሎቹ ድርብርብ ቆሞ ወይም ተጋድሞ በመደርደሩ ምክንያት የሙል ተሸካሚዎች ቅልጥፍና ከ100 እጥፍ በላይ እንደሚለያይ አረጋገጡ። በ2003 ደግሞ በኦስትሪያ፣ በሊንዝ ከተማ፣ ፖሊታዮፊንና ፉለሪን የተቀላቀሉበት ሴል ከተሠራ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ በመሞቁ ብቻ ብቃቱ ከመቶ 0.4 ወደ 2.5 ከፍ አለ። ሙቀት ሥርዓት አስያዥ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ከዚህ ጉዞ አልራቁም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ምሁር ባንቲካሰኝ ወርቃለማሁ በ1990ዎቹ ከስዊድኑ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ኦሌ ኢንጋናስ ጋር ፖሊታዮፊንና አሉሚኒየም በሚገናኙበት ወሰን ላይ የሚታየውን የኤሌክትሪክ ጠባይ አጠኑ። ከኬሚስትሪ ክፍልም ወንድማገኝ ማሞና ሽመልስ አድማሴ ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ለፀሐይ ሴል የሚሆኑ ፖሊመሮችን በማዘጋጀትና በመፈተን ተሰማርተዋል።

ነገር ግን በቤተ ሙከራ በልክና ለጥቂት ጊዜ የሚሰጠው ሙቀት ሥርዓት ሲያስይዝ፣ በሜዳ ለዓመታት የሚቆየው ያንኑ ሥርዓት ያፈርሰዋል። የፉለሪን ሞለኪውሎች ቀስ በቀስ ተሰባስበው ክሪስታል ይሠራሉ፤ ከፖሊመሩ ጋር የነበራቸው ጥብቅ ቅልቅል ይፈርሳል፤ ብቃቱም ያሽቆለቁላል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ሴል ከአካባቢው አየር ይበልጥ ስለሚግል፣ በጋምቤላ የሚደርሰው ጉዳት በደጋው ከሚደርሰው እንደሚፈጥን አያጠያይቅም።

መፍትሔው ከሁለት አቅጣጫ ይፈለጋል። አንደኛው፣ በከፍተኛ ሙቀት እንጂ የማይለሰልሱ ፖሊመሮችን መምረጥ ነው። ሁለተኛው፣ ድርድሩ ከተስተካከለ በኋላ ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ በኬሚካዊ ትስስር ማሰር ነው። ዛሬ ፉለሪንን በሌሎች ሞለኪውሎች የተኩ ሴሎች በቤተ ሙከራ ከመቶ 19 በላይ ብቃት አስመዝግበዋል። ሆኖም ለባሮ ዳር ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚጠቅመው በመጀመሪያው ቀን የተለካው አኃዝ ሳይሆን፣ ከብዙ በጋ በኋላ የሚቀረው ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ደጋ የሚሠራው ንጣፍ በጋምቤላ ቆላም ሊፈተን ይገባል።