ሰባት ኪውቢት የያዘ የመስታወት ቱቦ

ቁስ፦ መስታወት፤ በውስጡ ፍሎሪን፣ ካርቦንና ብረት ያሉበት ሰው ሠራሽ ሞለኪውል የሟሟበት ፈሳሽ
ዘመን፦ 2001 እ.ኤ.አ.
የተሠራበት ቦታ፦ የአይቢኤም አልማደን የምርምር ማዕከል፣ ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ

የአይቢኤምና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ቱቦ 15ን ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ፣ ወደ 3 እና 5፣ ተነተኑ። ፒተር ሾር በ1994 እ.ኤ.አ. ቁጥሮችን ለመተንተን የነደፈው የኳንተም አልጎሪዝም በቤተ ሙከራ ሲሠራ የታየው በዚህ ጊዜ ነበር።

ኪውቢቶቹ፣ ማለትም የኳንተም ኮምፒውተር የመረጃ አሃዶች፣ የሞለኪውሉ አምስት የፍሎሪንና ሁለት የካርቦን ኒውክሊየሶች ናቸው። ቱቦው በኃይለኛ ማግኔት ውስጥ ይቀመጥና የሬዲዮ ሞገድ ምቶች የኒውክሊየሶቹን ስፒን ያዞራሉ፤ መርሑ የሆስፒታል ኤምአርአይ የሚሠራበት ነው። የስሌቱ ሰርኪዩት ጌቶች፣ ማለትም መሠረታዊ ክንውኖቹ፣ የሚገነቡት ከእነዚህ ምቶችና በመካከላቸው ከሚኖረው የጊዜ ክፍተት ነው። ውጤቱ የሚነበበው ፈሳሹ ውስጥ ያሉት እጅግ ብዙ ሞለኪውሎች በአንድነት ከሚሰጡት ምልክት ነው።

ሰርኪዩቱ የሚፈልገው ድግግሞሽን ነው። 7 በራሱ እየተባዛ ለ15 ሲካፈል ቀሪው 7፣ 4፣ 13፣ 1 ይሆንና እንደገና ከ7 ይጀምራል። የዙሩ ርዝመት 4 መሆኑ ከታወቀ 3 እና 5ን ማግኘት ቀላል ስሌት ነው። ሦስት ኪውቢቶች የዙሩን ርዝመት ለመለየት፣ አራቱ ቀሪዎቹን ለመያዝ ተመደቡ።

የኳንተም ሁኔታ ቶሎ ስለሚፈርስ ነዳፊዎቹ ለዚህ ስሌት ለውጥ የማያመጡትን ጌቶች አስቀድመው አስወገዱ። በመሆኑም ሰርኪዩቱ የተበጀው ለ15 ብቻ ነው፤ ሌላ ቁጥር ሌላ ንድፍ ይጠይቃል።