የተስፋ ሰነድ፦ ከንግድ ሕግ ወደ ብራውዘር

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመመዝገቢያ ድረ ገጽ ስሠራ አንድ ጥፋት አጠፋሁ። ተመዝጋቢው ቅጹን ሞልቶ «ላክ» የሚለውን ሲጫን ገጹ በአረንጓዴ ቀለም «ምዝገባዎ ተሳክቷል» ይለዋል። ሰርቨሩ ግን በዚያው ቅጽበት 500 የሚል መልስ ሰጥቷል፤ ውስጡ ተበላሽቶበት ማንንም አልመዘገበም ማለት ነው። ሰዎች የአረንጓዴውን ጽሑፍ ስክሪንሹት ይዘው መጡ። እነሱ ትክክል ነበሩ፤ መዝገቡም ትክክል ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ስሕተቴም ፕሮሚስ የሚባለውን ነገር በደንብ ካለመረዳት የመጣ ነበር።

ብራውዘር ውስጥ የሚሠራው ጃቫስክሪፕት አንድ ሰው ብቻ እንዳለበት ሱቅ ነው። ዕቃ የሚያወርደውም፣ ሒሳብ የሚቀበለውም፣ በር የሚከፍተውም እሱው ነው። ስኳር ከጅምላ ቤት እስኪመጣ ደጅ ቆሞ ቢጠብቅ ሱቁ ቆመ፤ በእኛ ቋንቋ ገጹ ደረቀ፣ ቢጫኑት አይሰማም። ስለዚህ ከሰርቨር ዳታ ለመጠየቅ ፌች የሚባለውን ትእዛዝ ሲጠራ ዳታው እስኪመጣ አይጠብቅም። ወዲያው በእጁ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ ወደፊት የሚመጣውን መልስ የሚወክል፣ አሁን ግን ባዶ የሆነ አንድ ወረቀት። እሱን ይዞ ወደ ሥራው ይመለሳል። ወረቀቱ ፕሮሚስ ይባላል።

ስሙ ከጃቫስክሪፕት በዕድሜ ይበልጣል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ፍሪድማንና ዴቪድ ዋይዝ እ.ኤ.አ. በ1976 አቀረቡት፤ ባርባራ ሊስኮቭና ሊዩባ ሽሪራ በ1988 ሥራውን አሰፉት። ጃቫስክሪፕት በ1995 ሲወለድ ግን ይህ ነገር አልነበረውም። በቋንቋው መደበኛ ሰነድ ውስጥ የገባው በ2015 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ ኮልባክ ነበር፦ «ሲደርስ በዚህ ቁጥር ደውልልኝ» ብሎ መሄድ። አንድ ጥሪ ሲሆን ምንም አይደል። ተጠቃሚውን አምጣ፣ ሲመጣ ትእዛዞቹን አምጣ፣ እነሱ ሲመጡ ዋጋቸውን አምጣ ሲባል ግን ኮዱ በቅንፍ ውስጥ ቅንፍ እየጨመረ ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ የትኛው ስሕተት ከየት እንደመጣም አይታወቅም።

ፕሮሚስን በአማርኛ ምን እንበለው? «ቃል» ቢባል ያምራል፤ ቃል መግባት የሚለው አለና። ግን ኮምፒውተር ላይ «ቃል» ብዙ ሥራ ይዟል፤ የይለፍ ቃሉም፣ ቁልፍ ቃሉም ከእሱ ጋር ይጋጫል። «ቃል ኪዳን» ደግሞ ከባድ ነው። ኪዳን ሁለት ወገን ያስራል፣ ሲፈርስም የከዳ ሰው ይኖራል፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ የከዳ የለም። «ቀጠሮ»ን ለተወሰነ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ፤ ግን ቀጠሮ ሰዓት አለው (የሐበሻ ቀጠሮ እንኳ በስም ሰዓት አለው)፣ ሊራዘምም ይችላል። «ተስፋ» ብቻውን ሲሆን ደግሞ ልብ ውስጥ ያለ ነገር ነው እንጂ በእጅ የሚያዝ፣ ለሌላ ሰው የሚሰጥ አይደለም።

ቃሉን ያገኘሁት ከፕሮግራመሮች ሳይሆን ከነጋዴዎች ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን ስለ ቼክና ስለ ሐዋላ ሲናገር ሦስተኛ ወንድማቸውንም ይጠቅሳል፦ የተስፋ ሰነድ። አንድ ሰው «ይህን ያህል ገንዘብ እከፍላለሁ» ብሎ ፈርሞ የሚሰጠው ወረቀት ነው። ገንዘቡ አሁን የለም፣ ወረቀቱ ግን አለ፤ ኪስ ይገባል፣ ለሌላ ይተላለፋል፣ በመጨረሻም ይከፈላል ወይም ሳይከፈል ይቀራል። ፕሮሚስን ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ነገር አላየሁም።

ሁኔታዎቹም ስማቸውን ይዘው ይመጣሉ። መልሱ እስኪታወቅ ሰነዱ በእንጥልጥል ያለ ነው። ከዚያ የተከፈለ ይሆናል ወይም ውድቅ ይሆናል። አንዴ ከሁለቱ አንዱ ከሆነ አይቀየርም፤ የተከፈለው ተመልሶ ውድቅ አይሆንም። «ዘን» የሚለው ትእዛዝ ሲከፈል የሚሠራውን፣ «ካች» የሚለው ውድቅ ሲሆን የሚሠራውን ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ደግሞ «አዌይት» ብሎ ሰነዱ እስኪለይለት ያንን የኮድ ክፍል ማሳደር ይቻላል፤ ሱቁ ግን አይዘጋም፣ ሌላው ሥራ ይቀጥላል።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ፌች የሚሰጠው የተስፋ ሰነድ ቃል የሚገባው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሰርቨሩ መልስ ለመድረሱ። መልሱ ጥሩ ይሁን ክፉ አያገባውም። ሰርቨሩ «የጠየቅከው የለም» ብሎ 404 ቢልክ፣ ወይም «እኔ ራሴ ታምሜአለሁ» ብሎ 500 ቢልክ፣ መልስ ደርሷልና ሰነዱ ተከፍሏል። ከመሥሪያ ቤት «ማመልከቻዎ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል ደብዳቤ እንደመቀበል ነው፤ ደብዳቤው በሥርዓት ደርሷል፣ ፖስተኛው ምንም አላጠፋም። ሰነዱ ውድቅ የሚሆነው ደብዳቤው ራሱ ሳይደርስ ሲቀር ነው፦ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ፣ አድራሻው ሳይገኝ ሲቀር፣ ወይም ብራውዘሩ በደኅንነት ሕጉ መልሱን ሲከለክል። እኔ ግን «ካች» ውስጥ ስሕተትን ሁሉ የያዝኩ መስሎኝ፣ «ዘን» ውስጥ አረንጓዴውን ጽሑፍ አስቀመጥኩ። ፖስታውን አይቼ ሳልከፍተው እልል አልኩ።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። የመልሱ «ኦኬ» የሚባል ምልክት የሁኔታ ቁጥሩ ከ200 እስከ 299 ሲሆን ብቻ እውነት ይላል፤ እሱን ሳያዩ ወደፊት አለመሄድ። ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ስንቱ ኮድ ውስጥ እንደሚጎድል ስመለከት፣ ከስንፍና ይልቅ ከስሙ ይመስለኛል፤ «ፕሮሚስ ተፈጸመ» ሲባል የሰማ ሰው ጉዳዩ የተፈጸመ ይመስለዋል። «ሰነዱ ተከፈለ» ሲባል ግን ነጋዴ የሆነ ሁሉ «በምን?» ብሎ ይጠይቃል።

ፖስታው ከተከፈተም በኋላ ሌላ ሰነድ አለ። መጀመሪያ የሚደርሰው ራስጌው ነው፦ ቁጥሩና የፖስታው ጽሑፍ። ይዘቱ ገና በመንገድ ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ጄሰን ከሚባለው የዳታ አጻጻፍ ለውጠህ ስጠኝ ሲባል የሚሰጠው ሁለተኛ የተስፋ ሰነድ ነው። ይህኛው ደግሞ በራሱ ምክንያት ውድቅ ይሆናል፦ የተበላሸው ሰርቨር ጄሰን መላክ ትቶ የስሕተት ገጹን በኤችቲኤምኤል ሲልክ፣ ብራውዘሩ መጀመሪያ ያገኘውን የማዕዘን ቅንፍ አይቶ «ያልጠበቅኩት ምልክት» እያለ ያማርራል። ያኔ ጀማሪው ጄሰኑን ሲያስተካክል ይውላል፤ በሽታው ግን ቁጥሩ ላይ ነበር። ይዘቱ የሚነበበውም አንዴ ብቻ ነው፤ ሁለት ጊዜ የፈለገ ቀድሞ ቅጂ ያውጣ።

ንጽጽሩ የማይገጥምበት ቦታም አለ። የነጋዴው ሰነድ ላይ የመክፈያ ቀን ይጻፋል፤ ፌች ግን ይህን ያህል ሰከንድ ጠብቅ አይልም፣ ቀኑን የሚጽፈው ፕሮግራመሩ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ይህን መርሳት ማለት ተጠቃሚውን በምትሽከረከር ክብ ፊት አስቀምጦ መሄድ ነው። ሁለት ሰነዶች ደግሞ በተሰጡበት ቅደም ተከተል አይከፈሉም። ተጠቃሚው መፈለጊያው ላይ «ባሕር» ብሎ ከዚያ «ባሕር ዳር» ቢል፣ የፊተኛው መልስ ዘግይቶ ደርሶ የኋለኛውን ሊያጠፋበት ይችላል። ለዚህ መፍትሔው አሮጌውን ጥያቄ መሰረዝ ነው፤ ያኔ የአሮጌው ሰነድ ውድቅ ይሆናል፣ ነገር ግን ራሳችን የቀደድነው ስለሆነ ለተጠቃሚው ቀይ ጽሑፍ ማሳየት አያስፈልግም።

አንድ ቃል ግን እስካሁን አልተሳካልኝም። አንዱ የተስፋ ሰነድ ዕጣው ከሌላ ሰነድ ጋር ሊታሰር ይችላል፦ «ያኛው ከተከፈለ እኔም ተከፈልኩ፣ ያኛው ከወደቀ እኔም ወደቅኩ» ይላል። ፕሮግራመሮች «ሪዞልቭ» ይሉታል፣ ከመከፈል የተለየ ነው፣ ብዙዎችም ያምታቱታል። ከዚያው ከንግድ ሕጉ «ሐዋላ» ማለትን ሞከርኩ፤ ክፍያን ወደ ሌላ ማዞር ነውና። ለባልደረቦቼ ስነግራቸው ግን ሁሉም ያሰቡት ከውጭ የሚላክ ዶላር ነበር።