የእትብት ደምና የወንድም ሕይወት

ሰው ዋጋውን ያላወቀውን ነገር ይጥላል። ትልቅ መድኀኒት ከሚጣለው ነገር ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል የሚያስረዳ አንድ ታሪክ ከሕክምና ታሪክ እናንሣ።

ሕፃን ሲወለድ እትብቱ ተቈርጦ ከእንግዴ ልጁ ጋራ ይቀበራል፤ በሆስፒታል የሆነ እንደ ሆነም ብዙ ጊዜ ይጣላል። ነገር ግን በእትብቱና በእንግዴ ልጁ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት የቡና ስኒ የሚሞላ ደም ይቀራል። በዚህ ጥቂት ደም ውስጥ ግንደ ሕዋሳት የሚባሉ፥ ለደም ሁሉ እንደ ዘር የሆኑ ሕዋሳት አሉ። ቀዩም ነጩም የደም ሕዋስ የሚወለደው ከነዚሁ ነው። በአደገ ሰው ዘንድ ዋና መኖሪያቸው የአጥንት መቅኔ ነው።

በአሜሪካ አገር በኖርዝ ካሮላይና አንድ ሕፃን ፋንኮኒ አኒሚያ የሚባል፥ በዘር የሚተላለፍ ደዌ ነበረበት። ይህ ደዌ መቅኔውን እያደከመ ደም እንዳይፈጥር ያደርጋል። ልጁ የሚድነው ከሌላ ሰው ጤነኛ ግንደ ሕዋስ ቢያገኝ ነው፤ ይህም የሰጪውና የተቀባዩ የሥጋ ጠባይ ሲስማማ ነው። እናቱ በፀነሰች ጊዜ ሐኪሞች መርምረው፥ በማሕፀን ያለችው እኅቱ ከደዌው ነጻ መሆኗንና ከእርሱ ጋራ መስማማቷን አገኙ።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1988 ዓ.ም. ልጅቱ ስትወለድ የእትብቷ ደም ተጠራቀመ። በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ሃል ብሮክስማየር የተባሉት ሊቅና ባልደረቦቻቸው ሕዋሱን ከብርድ የሚጠብቅ መድኀኒት ጨምረው አቀዘቀዙት። ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች እስከ 196 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ፥ ሕዋሱ በዚያ ሳይሞት እንደ ተኛ ሆኖ ለብዙ ዓመት ይቈያል።

ከዚህ በኋላ ደሙ ባሕር ተሻግሮ ፓሪስ ገባ። በዚያ ከተማ ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ በ1607 ዓ.ም. ለቸነፈር በሽተኞች እንዲሠራ ያዘዙት የሴን ሉዊ ሆስፒታል አለ። ንቅለ ተከላውን የመሩት በዚሁ ሆስፒታል የነበሩት ዶክተር ኤሊያን ግሉክማን ናቸው። ሥራው ግን የሚያስፈራ ነበር። ይህን ያህል ጥቂት ደም የአንድን ልጅ መቅኔ እንደ ገና ሊሞላ መቻሉን ከዚያ በፊት በሰው ላይ ሞክሮ ያየ አልነበረም። ደግሞም አዲሱ ከመተከሉ በፊት የታመመው መቅኔ በመድኀኒትና በጨረር መጥፋት ነበረበት። አዲሱ ካልበቀለ ልጁ በሞት አፋፍ ላይ ይቀራል።

በኦክቶበር ወር 1988 ዓ.ም. ደሙ ለ5 ዓመቱ ልጅ ተሰጠ፤ በቀለም። ልጁ አድጎ ጐልማሳ ሆነ፤ ከ25 ዓመት በኋላም ጤነኛ ነበረ። እኅቱ የሰጠችው ሊጣል የነበረውን ስለ ሆነ ምንም አልጐደለባትም።

አሁን አንድ ነገር እናስተውል። የልጁ የራሱ የእትብት ደም በተወለደ ጊዜ በወርቅ ሣጥን ተቈልፎ ቢቀመጥለት ኖሮ እንኳ አያድነውም ነበር፤ ያው ደዌ በውስጡ አለና። መድኀኒቱ በሌላ ሰው ዘንድ ነበረ።

ይህን ነገር የተረዱ ሰዎች በ1992 ዓ.ም. በኒውዮርክ የደም ማእከል በፓብሎ ሩቢንስታይን መሪነት የሕዝብ ጎተራ መሠረቱ። እናቶች ማን እንደሚወስደው ሳያውቁ የልጃቸውን የእትብት ደም በነጻ ይሰጣሉ። ሌሎች ደግሞ ገንዘብ እየተቀበሉ ለባለቤቱ ብቻ የሚያስቀምጡ ድርጅቶች አቆሙ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2007 እና በ2017 ዓ.ም. በሰጠው ምክር ለሕዝብ የሚሰጠውን አብልጦ መረጠ። እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ ከ40,000 በላይ ንቅለ ተከላ በእትብት ደም ተደርጓል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በቋንቋችን ‹‹እትብቱ የተቀበረበት›› ሲባል የሰው ትውልድ አገር ማለት ነው። እትብት ሰውን ከአገሩ ጋራ እንደሚያያይዘው ሁሉ፥ በዚህ ታሪክ ደግሞ ሰውን ከማያውቀው ሰው ጋራ ሲያያይዘው አየን። ስለዚህ የምትጥለውን ነገር ከመጣልህ በፊት ለማን ሊጠቅም እንደሚችል ጠይቅ። ለራስህ የቈለፍኸው ሁሉ እንደማያድንህ፥ ለሌላው የሰጠኸውም ሁሉ እንደማያጐድልብህ ዕወቅ።